ወደ መካ የጫንኩት ጀሪካን

«የጠጣ ሰው ከሩቅ አውቃለሁ» እያልኩ የምመጻደቅ ሰው ነበርኩ። ኮምቦልቻ ያደግኩበት ቤት ፊት ለፊት ጠጅ ቤት ነበር። ማን ስንት ብርሌ እንደጨለጠ ገና ከበር ሲወጣ ከአረማመዱ እገምት ስለነበር እናቴ «ይቺ ልጅ ፖሊስ ትሆናለች» ትል ነበር። ፖሊስ አልሆንኩም። ጅዳ መጥቼ የሰው አሠሪ ሆንኩ። ያም ሆኖ አፍንጫዬ ሥር የሚጠጣውን ሰው ሳላውቀው ኖርኩ። አለማወቄ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ መጠጡን እግሬ ሥር አስቀምጬ መካ ድረስ ወስጄለታለሁ።

ዘህራ እባላለሁ። ፔትሮሚን በሚባለው የጅዳ የጋራዥና የመጋዘን ሰፈር አንድ መግሰላ አስተዳድራለሁ። መግሰላ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። እኛ የምናጥበው ግን የሰፈር ሱሪና ሸሚዝ ሳይሆን መካ ያሉ የእንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላና ፎጣ ነው። ባለቤቷ ኡም ፈይሰል ትባላለች፤ መካ፣ ሩሰይፋ የምትኖር ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። የሁላችንም ከፊል፣ ማለትም ሕጋዊ አሠሪና ዋስ፣ እሷ ስለሆነች ኢቃማችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ የሚታደሰው በእሷ ቃል ነው። ድሮ የቤት ሠራተኛዋ ነበርኩ። ባሏ ሲሞት «አንቺ አትዋሺኝም» ብላ መግሰላውን በእጄ ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ የምቀጥረውም የማሰናብተውም እኔ ነኝ።

ሾፌራችን አያ ሙሄ ነበር። ስሙ ሙሐመድ ነው፤ በወሎ ደንብ ሲቆላመጥ ሙሄ ይሆናል፣ ታላቄ ስለሆነ ደግሞ አያ እለዋለሁ፤ እሱም እኔን ሲያቆላምጥ ዘሁራ ይለኛል። መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ቤት ሲደበድቡኝ ጠፍቼ ወጥቼ፣ አል-ባላድ ገበያ ውስጥ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ያገኘኝ እሱ ነው። «የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ በአማርኛ። በሰው አገር እንዲህ ተብሎ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ሚስቱ ሩቅያ ጋ ወሰደኝ። ሩቅያ ገላዬን አጥባ፣ አብልታ፣ የራሷን ቀሚስ አልብሳ አስተኛችኝ። ከኡም ፈይሰል ጋር ያገናኙኝም እነሱ ናቸው። በኋላ ሩቅያ ሞተችና አያ ሙሄ ብቻውን ቀረ። መግሰላውን ስረከብ መጀመሪያ የቀጠርኩት እሱን ነው፤ የመጋዘኑንም ቁልፍ ሰጠሁት። ሶላት ሲሰገድ የሚያሰግደን እሱ ነበር። ከሠራተኞቹ ግማሹን ያመጣልኝ እሱ ስለሆነ ልጆቹ «አባታችን» ይሉታል።

ስለ ቅሪቦም ልንገራችሁ፣ የማታውቁት ካላችሁ። ቅሪቦ የእኛ የወሎ እስላሞች የድግስ መጠጥ ነው። ገብሱን አጥቁረህ ትቆላለህ፣ ታፈላለህ፣ ታጠልላለህ፣ ስኳርና ትንሽ እርሾ ጨምረህ አንድ ሌሊት ታሳድረዋለህ። በማግስቱ ሲጠጣ ጉሮሮ ያርሳል እንጂ አያሰክርም። ስኳርና እርሾ እየተጨመረበት ከከረመ ግን ስሙም ይለወጣል፣ ሐራምም ይሆናል። የመግሰላ ሙቀት የሚገድል ስለሆነ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መውጫ ላይ ለሁሉም በበረዶ የምቀዳው ነገር ነበር። ልማዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ረቡዕ ማታ አዘጋጅና የልብስ ማለስለሻ ሽቶ የሚመጣበትን ሰማያዊ ጀሪካን አጥቤ እሞላበታለሁ። አያ ሙሄ መጋዘን ያሳድረዋል። ኡም ፈይሰልም ወዳዋለች። «ሸዒር» ነው የምትለው፣ ገብስ ማለቷ ነው፤ መካ በሄድኩ ቁጥር አንድ ጀሪካን እወስድላታለሁ።

እንግዲህ መጠጡን መካ ከወሰድኩበት ሐሙስ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ መግሰላው ውስጥ አደጋ ደረሰ። ሀያት የምትባል ልጅ የመተኮሻውን ማሽን እየወለወለች ሳለ አንድ ሰው እንፋሎቱን ለቀቀባት። ግራ እጇ ተላጠ። ሮጬ ስደርስ ከሽቶው ጠረን ሥር ሌላ ጠረን ነበር። የመጠጥ ጠረን ነው፤ አልሳሳትም።

ማሽኑ ላይ የሚሠራው ተስፋዬ ነው። የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ ክርስቲያን፣ ከተናገረው ይልቅ የዋጠው የሚበዛ ዓይነት ሰው።

«እኔ አልነካሁም» አለኝ።

«ማን ነካው ታዲያ? ጂን ነው?»

ወደ አያ ሙሄ አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ወለሉ መለሰ። «አላየሁም» አለ።

ሀያትም ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር አለች፣ እጇን በእርጥብ ፎጣ ይዛ እያለቀሰች። ሰውን ሁሉ ሰብስቤ ተቆጣሁ። «ሹርጣ አንድ ቀን ቢገባ የጠጣውም ያልጠጣውም ተጠርዘን ነው የምንሄደው። የማን ልጆች ከዚህ ቤት እንደሚበሉ አስቡ!» አልኳቸው፤ ሹርጣ የምንለው ፖሊሱን ነው። ሁሉም አቀረቀሩ። ያን ጊዜ ያቀረቀሩት አፍረው መስሎኝ ነበር።

ሲመሽ አያ ሙሄ ቢሮ ገባ። በሩን በቀስታ ዘጋና፣

«ዘሁራዬ፣ ሰው ማማት አልወድም፤ አላህ ያውቃል» አለ። «ግን ራስሽ አስቢው። ከመካከላችን መጠጥ በሃይማኖቱ ያልተከለከለ ማነው?»

ይህችን ብቻ ነው ያለው። ስም አልጠራም፣ አልማለም፣ አላብራራም። ቀሪውን እኔ ሠራሁለት። በማግስቱ ተስፋዬን ከማሽኑ አንስቼ ከረጢት ወደ መሸከም አወረድኩት። ኢቃማው ሊያልቅ ተቃርቦ ነበርና ለኡም ፈይሰል «አታድሺለት» ልላት ወሰንኩ። አገር ቤት ሁለት ልጆች እንዳሉት አውቃለሁ። የሀያትን የተላጠ እጅ ሳይ ግን ጨከንኩ።

ሐሙስ ጠዋት ንጹሑን አንሶላ ቫኑ ላይ ጭነን ጨረስን፤ አያ ሙሄ ግን አልመጣም። ስደውልለት «ራሴን አሞኝ ነው፣ እየደረስኩ ነው» አለኝ። የኡም ፈይሰልን ቅሪቦ ራሴ ላወጣ በእኔ ቁልፍ መጋዘኑን ከፈትኩ። ከፊት ያሉትን ሰማያዊ ጀሪካኖች ማለስለሻ ናቸው ብዬ አለፍኳቸው። ከጥግ፣ ከዱቄት ሳሙናው ጀርባ፣ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ሌላ ጀሪካን አየሁ። አያ ሙሄ ለማዳም፣ ለኡም ፈይሰል፣ ብሎ እንዲቀዘቅዝ የጠቀለለው መሰለኝ። እንዲህ ያለ አሳቢ ሰው አላህ ሰጠኝ ብዬ ልቤ ተነካ። ሐሙስ ጾመኛ ስለሆንኩ አልቀመስኩም፤ ደግሞስ ረቡዕ ማታ ያጣጣምኩትን ምን ያስቀምሰኛል? አንስቼ ቫኑ ውስጥ፣ እግሬ ሥር አኖርኩት።

አያ ሙሄ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ደረሰ። መሪውን እንደያዘ ወደ እግሬ አየ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከመጋዘን ነዋ፣ ከጆንያው ውስጥ። አላህ ይስጥህ አያ ሙሄ፣ ለእሷ ብለህ አቀዘቀዝከው አይደል?»

ቁልፉን ሁለት ጊዜ ስቶ በሦስተኛው ሞተሩን አስነሳ።

ከጅዳ መካ ሩቅ አይደለም። ሌላ ጊዜ መንዙማ ከፍቶ፣ እሱም አብሮ እያዜመ፣ ስለ ሩቅያ እያወራን ነው የምንደርሰው። ያን ዕለት መንዙማውን አልከፈተም። ማቀዝቀዣው እየነፈሰ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ሳይታመም አይቀርም ብዬ አዘንኩለት። ነዳጅ ማደያ ገብተን እንደቆምን ወርዶ በእኔ በኩል መጣና በሩን ከፈተ።

«ዘሁራ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል። እዚሁ ልድፋው።»

«ሳትከፍተው እንዴት አወቅክ?»

«ሙቀቱን አታይም እንዴ? ለትልቅ ሰው የተበላሸ ይሰጣል?»

«ማታ ራሴ ቀምሼዋለሁ። ኡም ፈይሰል ደግሞ ዛሬ ጾመኛ ናት፤ በሱ ነው የማፈጥረው ብላኛለች። ተው እንጂ አያ ሙሄ፣ ለመንገዱ አንዘግይ።»

እጁ የጀሪካኑን እጀታ ይዞ ነበር። እኔም ያዝኩት። እንደ ሕፃን ልጆች ትንሽ ተጓተትን፣ እኔ እየሳቅኩ። ከዚያ ለቀቀው። ዛሬም ከሁሉ ቀድማ የምትመጣብኝ ይህቺ ቦታ ናት። እኔና እሱ ብቻ ነበርን፣ ሰሚ አልነበረም። «እህቴ ጥፋት አጥፍቻለሁ፣ ይሄ የኔ ነው» ቢለኝ ኖሮ ጮኼበት፣ ሰድቤው፣ ከዚያ ራሴ ደፍቼለት እናልፍ ነበር። በሩን ዘግቶ ወደ መሪው ተመለሰ።

ሹመይሲ ኬላ ስንደርስ ወረፋ ነበር። ፖሊሱ ወጣት ነው፣ ፈገግተኛ። ኢቃማችንን አየ፣ የጭነቱን ወረቀት አየ፣ ከዚያ ዓይኑ እግሬ ሥር ወደቀ።

«ይሄ ምንድነው?»

እኔ ደግሞ የአገሬ ነገር ሲጠየቅ አላስችለኝም። «ሸዒር ነው ወንድሜ፣ የገብስ መጠጥ። እኛ ሐበሾች በዒድ የምንጠጣው። ሐላል ነው፣ እጄ የሠራው ነው። ላቅምስህ?» አልኩና ክዳኑን ያዝኩ።

«ጾመኛ ነኝ» አለ እየሳቀ። «ግን ጠርሙስ ካለሽ ለመግሪብ ማፍጠሪያ ትንሽ ቅጂልኝ።»

«አለን! አያ ሙሄ፣ ያን ባዶ የውሃ ጠርሙስ አቀብለኝ» አልኩ።

«ጠርሙስ የለንም!» ብሎ ጮኸ። እንዲህ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። ጠርሙሱ ግን በበሩ ኪስ ውስጥ፣ ከጉልበቱ አጠገብ ተሰክቶ ይታየኛል። ፖሊሱ እሱን አየው፣ እኔን አየኝ። ከኋላችን ያለ አውቶቡስ ክላክሱን ለቀቀው፤ ሌላውም ተከተለ። ፖሊሱ ጣሪያውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ያላ፣ ያላ፣ በዱዓሽ አስቢኝ» ብሎ አሳለፈን።

«ምን ነክቶህ ነው?» አልኩት።

«ወረፋው ረዝሞ ነዋ» አለኝ።

አንሶላውን አድርሰን ሩሰይፋ ስንገባ የተሲያቱ የዐስር ሶላት አልፎ ነበር። ጀሪካኑን ራሴ ተሸክሜ ወደ ኡም ፈይሰል ቤት ልወጣ ስል አያ ሙሄ «እኔ ሐረም መስጊድ ሄጄ ልስገድ፤ ስትጨርሺ ደውይልኝ» አለኝ። ዓይኔን አላየም። ሌላ ጊዜ ሳይወጣና የኡም ፈይሰልን እጅ ሳይጨብጥ አይሄድም።

ኡም ፈይሰል አቀፈችኝ። ጀሪካኑን ለቤት ሠራተኛዋ ሰጠኋትና «በበረዶና በናዕናዕ አድርጊው» አልኳት፤ ማዳም የናና ቅጠሉን ትወዳለች። ስልኬ ጠራ፤ ተስፋዬ ነው። ዘጋሁት። ሊለምነኝ ነው አልኩ፤ የወሰንኩበትን ሳይሰማ አይቀርም። ስለ ሥራው ከተነጋገርን በኋላ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ነገሩን አነሳሁ።

«ማዳም፣ ተስፋዬ የሚባለው የመተኮሻ ሠራተኛ ኢቃማው እያለቀ ነው። አታድሺለት። ይጠጣል።»

«አይተሽዋል?»

«ሙሐመድ ነው የነገረኝ።»

«ከመግሪብ በኋላ እንነጋገራለን» አለች። «ጾም ይዤ የሰው እንጀራ አልቆርጥም።»

ስልኩ እንደገና ጠራ። ዘጋሁት። እንደገና። ዘጋሁት። ማዕዱ ቀረበ፤ ቴምር፣ የዘምዘም ውሃ፣ ሳምቡሳ፣ የኔም ቅሪቦ በብርጭቆ ማሰሮ፣ ናዕናዑ ላዩ ላይ ተንሳፎ። ጠቆር ያለ፣ አረፋ ያለው፣ የሚያምር ነበር። ኡም ፈይሰል ብርጭቆዋን አስሞልታ ፊቷ አኖረችና የተስቢሕ መቁጠሪያዋን እየቆጠረች አዛን ትጠብቃለች። ስልኩ ሲጠራ «ልጄ፣ አንሺውና ይረፍ እንጂ» አለችኝ። ተናድጄ ወደ መስኮቱ ሄጄ አነሳሁት።

«ተስፋዬ፣ ማዳም ጋ ነኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ነህ?»

«እህት ዘህራ፣ አትዝጊ። የያዝሽው ጀሪካን ቅሪቦ አይደለም።»

«ምን?»

«የኛም የማዳምም ቅሪቦ እዚህ ነው። ሀያት በተውሽላት ቁልፍ ልትቀዳልን መጋዘን ገብታ አገኘችው፤ ጆንያው ግን ባዶ ነው። አንቺ የወሰድሽው የአያ ሙሄን ነው። በጆንያ የሚያስቀምጠውን። ያንቺን ቅሪቦ እያስቀረ፣ ስኳርና እርሾ እየጨመረ የሚያከርመው ነው፤ ያሰክራል። ሀያት ፈርታ ነው እኔ የደወልኩት። እንዳትሰጫት!»

ያን ጊዜ ከመስጊዱ «አላሁ አክበር» ሲል ሰማሁ። ዞር አልኩ። ኡም ፈይሰል ቴምሩን ጎርሳለች። ብርጭቆው በእጇ ነው፣ ወደ አፏ እየሄደ ነው።

እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ማዕዱን ረግጬ ነው ያለፍኩት፤ ሳምቡሳው ከእግሬ ሥር ሲደቅቅ ተሰማኝ። ብርጭቆውን ከከፊሌ እጅ መንጭቄ ወሰድኩ። ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። አሮጊቷ አፏን ከፍታ ቀረች። በሕይወቷ ማንም ከእጇ እንዲህ የነጠቃት አይመስለኝም።

«አትጠጪ! በአላህ፣ አትጠጪ!»

የረጠበውን እጅጌዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። ፊቷ ቀስ እያለ ሲጠቁር አየሁት።

«ኸምር!» አለች። «በጾሜ? በመካ? በእጅሽ?»

«ወላሂ አላወቅኩም። አሁን ነው የነገሩኝ።»

«የማን ነው?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ራሷ ቀጠለች። «ያ ያልሽኝ ክርስቲያን ነው አይደል? የሚጠጣው?»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል «አዎ» ልል ነበር። አዎ ብል ሁሉም ነገር ይስተካከላል፤ አያ ሙሄ ይድናል፣ የሩቅያም ውለታ ይከፈላል፣ ተስፋዬ እንደሆነ አስቀድሞ የተፈረደበት ነው። ስልኩ ግን አልተዘጋም ነበር። በእጄ እንደያዝኩት ተስፋዬ «ሄሎ? እህት ዘህራ? ጠጣችው እንዴ?» እያለ ይጮኻል።

«አይደለም ማዳም» አልኩ። «ሙሐመድ ነው።»

«ሙሐመድ? የሚያሰግዳችሁ?»

«እሱ ነው።»

ኡም ፈይሰል ዘምዘሙን አንስታ ጠጣችና «አልሃምዱሊላህ» አለች። ከዚያ በማላውቀው ድምፅ ተናገረች። «ሹርጣ አልጠራም። ለእሱ አዝኜ አይደለም፤ ነገሩ የተገኘው በቤቴ ስለሆነ ነው። በሩን አልፎ ያመጣው ያንቺ እጅ ነው፣ አንቺው ጨርሺው። ከነገ ወዲያ በእኔ ኢቃማ የሚጠጣ ሰው እንዳይኖር። ኸላስ።»

ጀሪካኑን ወጥ ቤት ወስጄ ደፋሁት። ሲፈስ ሽታው ዓይኔን አቃጠለኝ። ማሰሮውንም ብርጭቆውንም ጣሉት። ወለሉን ተንበርክኬ ስፈገፍግ አላለቀስኩም፤ ከማልቀስ አልፌ ነበር።

ስወርድ ልደውልለት አላስፈለገኝም። ቫኑ ከማዕዘኑ ዞር ብሎ ቆሟል፣ ሞተሩ እየሠራ። ሐረም አልሄደም። ሶላቱንም አልሰገደም። በሩን ከፈትኩ።

«ሞተሩን ለምን አስነሳህ?»

«ለሙቀቱ…»

«ፖሊስ ሲመጣ ልትሸሽ ነው?»

«ዘሁራዬ…»

«ዘሁራዬ አትበለኝ! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሩቅያ ከሞተች ወዲህ» አለ። «ቤቱ ባዶ ሲሆንብኝ። ትንሽ ነበር መጀመሪያ…»

«የሀያት እጅስ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ተስፋዬስ? አፍህን ከፍተህ ተስፋዬን ስታስጠረጥረኝ ልብህ አልፈራም?»

«ስሙን አልጠራሁም።»

ይህን ሲለኝ በጥፊ ልመታው ምንም አልቀረኝም። ራሴን ያዝኩና ከሁሉ በላይ ማወቅ የፈለግኩትን ጠየቅኩት።

«ኬላው ላይ ያ ልጅ ክዳኑን ከፍቶ ቢሆንስ? ምን ትለው ነበር?»

መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት አየ። መዋሸት ይችል ነበር። «የኔ ነው እል ነበር» ቢለኝ፣ ሞኝ ነኝና አምነው ነበር።

«ጀሪካኑ አንቺ እግር ሥር ነበር» አለኝ።

እንግዲህ ከአል-ባላድ ደረጃ ላይ ያነሳኝ ሰው ይህ ነው። አንድ ሰው ደግ ሆኖ አንስቶህ፣ በሌላ ቀን ያው ሰው ሊጥልህ እንደሚችል ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። ቁልፉን ተቀበልኩ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ «ሴት ልጅ የመካን መንገድ አትችለውም» እያለ ሲቀልድብኝ ነድቼው አላውቅም። ያን ዕለት ነዳሁት። እሱ ከጎኔ ተቀምጦ እያለቀሰ «ያነሳሁሽን ቀን አስቢ፣ የሩቅያን ቀሚስ አስቢ» ይለኛል። «እሱን እያሰብኩ ነው የምነዳው፤ ባላስበው እዚሁ በረሃ አወርድህ ነበር» አልኩት።

ሰውን ስሰበስብ ደግሞ ሌላው መጣ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ከጠጣ አፉን በናዕናዕ ያስጉመጠምጡታል፤ እኔ ስመጣ ከማለስለሻው በርሜል አጠገብ ያቆሙታል፣ ጠረኑን ሽቶው እንዲውጠው። ሀያት እንፋሎቱን የለቀቀባት እሱ መሆኑን በዓይኗ አይታለች።

«እጅሽን አቃጥሎሽ?» አልኳት።

«ከድልድይ ሥር አንስቶ እዚህ ያስገባኝ እሱ ነው» አለችኝ። «ደሞስ ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

ሁላችንም አንድ ሰው ያነሳን ሰዎች ነበርን፤ ውለታው የሁላችንንም አፍ ሰፍቶታል። ያም ሆኖ ይቅር በሉኝ ከምል ይልቅ ተቀየምኳቸው። እኔን እንደ ጠላት ደብቀው እሱን እንደ ሕፃን ሲያባብሉ ነው የኖሩት።

ለአያ ሙሄ የሚገባውን ገንዘብ ሁሉ ሰጠሁትና በኹሩጅ፣ ማለትም በሕጋዊ መውጫ፣ አገሩ ገባ። ለሹርጣ አልሰጠሁትም። እወቁልኝ፣ በመጠጡ አይደለም የተለየሁት። የሚስቱ ሐዘን የጣለው ሰው ነው፤ አሞኛል ቢለኝ ከመሪው አንስቼ፣ ሌላ ሥራ ሰጥቼ፣ ከጎኑ እቆም ነበር። ያሰናበትኩት ስለ ተስፋዬና ስለዚያ ኬላ ነው።

ሰው የምታሠሩ እናንተ፣ ከእኔ የሚጠቅማችሁ ካለ ይህን ውሰዱ። ሠራተኛ መካከል መጠጥ አለ ብላችሁ ስትጠረጥሩ ማን ይጠጣል ብላችሁ ወደምትገምቱት አትሩጡ። «እሱማ አያደርገውም» የምትሉትን ሰው አስቀድማችሁ እዩት፤ ሁሉም የሚሸፍነው እሱን ነው። ቁልፍ ለአንድ ሰው ብቻ አትስጡ። ሰው ለእናንተ እውነት መናገር ከፈራ ደግሞ የጥፋቱን ግማሽ በራሳችሁ ቁጠሩት። ይህን መቀበል እኔን ዛሬም ይመረኛል።

የተስፋዬ ኢቃማ ታደሰ። ራሴ ወስጄ በእጁ ሰጠሁት፣ ወደ ማሽኑም መለስኩት። ላመሰግነው ስጀምር አቋረጠኝ።

«ስልኩን ለአንቺ ብዬ አይደለም የደወልኩት» አለ። «አሮጊቷ ጾመኛ ናት ሲሉኝ ነው። ጾም እኔም እጾማለሁ።»

ሐሙስ ሐሙስ ዛሬም ቅሪቦ እቀዳለሁ። እሱ ጋ ስደርስ ኩባያውን በመዳፉ ይከድነዋል። አልቀየመውም።

አያ ሙሄ በየዒዱ የድምፅ መልእክት ይልክልኛል። «ትቼዋለሁ ወላሂ፣ ዓፉ በይኝ» ይላል። ሰው ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ እንዲያው እውነት ይሁንለት እላለሁ፣ መልስ ግን አልሰጠሁም። መካ የምነዳው አሁን እኔ ነኝ። ኬላው ላይ ያ ፈገግተኛ ፖሊስ አንዳንዴ ያጋጥመኛል። «ሸዒር የለም ዛሬ?» ይለኛል፤ «የለም» እለዋለሁ። ቫኑን የምጭነው ራሴ ነኝ፣ የምቆልፈው ራሴ ነኝ፣ ቁልፉም ከኪሴ አይወጣም። ሆኖም ከፔትሮሚን ሳልነሳ በፊት እጄን ከወንበሩ ሥር ሰድጄ እዳብሳለሁ። ምንም እንደሌለ አውቃለሁ። ሳልዳብስ ግን ሞተሩን ማስነሳት አልችልም።